መኪናዎን ጨርሰው አይጠግኑ

አሮጌ ቮልስ የያዘ ሰው ሁለት ምክር አያጣም። አንደኛው «ሽጣትና ተገላገል» ነው። ሁለተኛው «ደግሞ ማን ሊገዛህ!» ነው። ሁለቱንም አንድ ሰው፣ አንደኛውን በአቦል ሁለተኛውን በቶና፣ በዚያው በእርስዎ ቡና ሊለግስዎ ይችላል። እኔ በበረካው ላይ የሚደርስ ሦስተኛ ምክር አለኝ። ሳንጃ ላይ ከአንዲት የ1966 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ቮልስ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሬ ያገኘሁት ስለሆነ በነፃ ስሰጥዎ ትንሽ ይቆጨኛል። መኪናዎን ይጠግኑ፤ ጨርሰው ግን አይጠግኑ። አንዲት ብልሽት ሁልጊዜ ትኑር።

ምክንያቱን ልንገርዎ። በእኛ ከተማ ደህና የሆነች መኪና የባለቤቷ አይደለችም። ጥር ሲገባ የሙሽራ ናት። ሰሊጥ ሲደርስ የነጋዴ ናት። ጾም ሲፈታ የበግ ናት። ሌሊት ሌሊት የባለ ምጥ ናት፤ ለምጥስ ማንም አይከለክልም፣ እኔም ከልክዬ አላውቅም፤ ነገር ግን «ምጥ ነው» ተብላ ወጥታ ስትመለስ የኋላ ወንበሯ ላይ የማሽላ ገለባ የተገኘባት መኪና ምን ዓይነት ልጅ እንዳዋለደች ራስዎ ይገምቱ። እንቢ እንዳይሉ ጠያቂው አበልጅ ነው፤ አለዚያ የማኅበር ወንድም ነው፤ አለዚያ የተማሪዎ አባት ነው። «የለችም» እንዳይሉ በአጥሩ ቀዳዳ ትታያለች። «ተበላሽታለች» ብሎ መዋሸት ደግሞ ኀጢአት ነው፤ እኔ መምህር ነኝ፣ በሰንበትም ነጠላ አጣፍቼ የምቆም ሰው ነኝ። ስለዚህ ብልሽቱ እውነተኛ መሆን አለበት። የዚህ ጽሑፍ ሥነ ምግባር በሙሉ የቆመው በዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።

ብልሽት የሚመርጠው ግን መኪናው ደህና የሆነለት ሰው ነው። ብልሽት ራሷ የመረጠችው ሰው ባለ መኪና አይባልም፤ አስታማሚ ነው። ስለዚህ አስቀድመው ጥገናውን ይወቁ።

መኪናዋን ገና ካልገዙ ቮልስ ይግዙ። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ራዲያተር የላትም፤ ውኃ አትጠጣም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በሚያዝያ ሳንጃ ላይ ሰውም ለውኃ ይሻማል። የዚህ ሞተር የቅርብ ዘመድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጀርመኖች ጋር ሊቢያ በረሃ ዘምቷል። ሊቢያን የቻለ ሞተር የእኛ ታች አርማጭሆ አያቅተውም፤ ልዩነቱ ሊቢያ ውስጥ መኪና የሚዋስ አበልጅ አልነበረም። ቮልስ ሃያ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ተሠርታ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣችው በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ነው። ይህን ያህል የተሠራ ዕቃ መለዋወጫው እንዴት ይጠፋል ይሉ ይሆናል። አዲስ አበባ አይጠፋም። ሳንጃ ግን ከጎንደር ስልሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ቁልቁል ወርዶ ነው፤ መለዋወጫ ደግሞ ቁልቁለት አይወድም።

ጠባብ ናት ብሎ የሚንቃት ካለ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.ን ያስታውሱት። ያን ቀን ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥታቸው ያወጣቸው በቮልስ ነው። ሮልስ ሮይስ ለነበራቸው ንጉሠ ነገሥት የፊት ወንበር አጥፎ ወደ ኋላ ሾልኮ መግባት ካልቀረላቸው፣ ለእርስዎ አበልጅ ምን ይከብዳቸዋል?

ስለ ኋላ ወንበር ካነሳን አይቀር፣ ከዚያ ሥር በቀኝ በኩል የተቀመጠው ባትሪ ነው። የወንበሩ ውስጥ ደግሞ የብረት ሞላ ነው። ቀጭን ሰው ሲቀመጥ ምንም የለም። ወፈር ያለ ሰው ሲቀመጥ ሞላው ወርዶ የባትሪውን ሁለት ጫፎች ይሳለማል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የፊዚክስ መምህር ስለሆንኩ በሰሌዳ ላይ ላስረዳዎ እችላለሁ፤ እኔ ግን የተማርኩት በመንገድ ላይ ነው። አንድ አበልጅ አሉኝ፤ ደልደል ያሉ፣ ክብራቸውን ከነካባቸው የተሸከሙ ሰው። ከጎንደር ስንመለስ ትክል ድንጋይን እንዳለፍን «መምህር፣ ወንበሩ ይሞቃል» አሉኝ። «ወደ ቆላ እየወረድን እኮ ነው» አልኳቸው። ጥቂት ቆዩና «መምህር፣ ይህ ቆላ ከሥር ነው የሚመጣው» አሉ። ዞር ስል ከካባቸው ጫፍ ጢስ ይወጣል። እንግዲህ ከአሮጌ ጎማ አንድ ቁራጭ ቆርጠው ባትሪው ላይ ያልብሱት። ጎማ እስኪያገኙ ድረስ ክብደት ያለውን ዘመድ በግራ በኩል ያስቀምጡ። «ክብሩ በቀኝ ነው» ካለዎ ምክንያቱን በትሕትና ያስረዱት።

ከዚያ ቋንቋ ይማሩ። መኪናዋ ጀርመን ናት፤ አንድ የጀርመን ቃል ግን አያስፈልግዎትም። መካኒክ ፊት ቆመው «ያቺ ብልጭ የምትለው ነገር» ካሉ ዋጋው እጥፍ ይሆናል፤ «ካንዴላ» ካሉ ግማሽ ይሆናል፤ «ካንዴላዋ ደህና ናት፣ ፑንቲናዋን እይልኝ» ካሉ ልጁ ቀና ብሎ አይቶ ወንበር ያመጣልዎታል። ጣሊያን አገራችንን አምስት ዓመት ያዘ፤ የመጨረሻው ጦሩም እጁን የሰጠው እዚሁ ጎንደር በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። ጦሩ ሄደ፤ ካቻቢቴው ቀረ። ፒንሳው ቀረ፤ ዳዶና ቡሎኑ ቀረ፤ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ፍሬቻ፣ ማርሚታ፣ ቺንጋ፣ ሞተሪኖ ሁሉ ቀረ። ጠመንጃውን ቀምተን የመለስነውን ጠላት በጋራዥ ውስጥ በየቀኑ እንጠራዋለን። አንድ ሽማግሌ «ጎማ እንኳ የእነሱ ቃል ነው» ብላቸው «ሐሰት! ጎማ የእኛ ነው» ብለው ተቆጥተውኛል፤ ከዚያ ወዲህ ክርክሩን ትቼዋለሁ። እርስዎም ይተዉት። ቡሎኑ ሲዝግና አልፈታ ሲል የሚወጡት ቃላት ግን ንጹሕ አማርኛ ናቸው፤ እነሱን ማንም አያስተምርዎትም።

አሁን እጅዎን ያቆሽሹ። የቮልስ ሞተር ጤና የቫልቭ ክፍተት ነው። መጽሐፉ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይስተካከል ይላል፤ ክፍተቱ 0.15 ሚሊ ሜትር፣ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ። «ፍጹም ቀዝቅዞ» የሚለውን የጻፈው ሰው ሳንጃን አያውቅም። በእኛ ዘንድ ብረት የሚቀዘቅዘው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል ከመሰማቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። በዚያ ሰዓት የእጅ ባትሪ ይዞ መኪና ሥር የተኛ ሰው ያየ ጎረቤት «ሌባ!» ሊል ስለሚችል አስቀድመው ያስጠንቅቁ። መለኪያዋ ስስ ብረት ከጠፋችብዎ የጢም ምላጭ አለ። አንድ ምላጭ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ነው። የፑንቲና ክፍተት 0.4 ስለሆነ አራት ምላጭ ደርበው ያስገባሉ፤ ልክ ይመጣል። ቫልቩ ግን 0.15 ነው። አንድ ምላጭ ተኩል ማለት ነው። ግማሿን ምላጭ ከየት እንደሚያመጡ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስቤበታለሁ። አንድ ምላጭ ሲገባ ልቅ፣ ሁለት ሲደረብ እንቢ እስኪል ድረስ ያስተካክሉና የቀረውን ለእግዚአብሔር ይተዉት።

ሦስተኛውን ሲሊንደር በልዩ ርኅራኄ ይዩት። የዘይት ማቀዝቀዣው ከማራገቢያው የሚመጣውን ነፋስ እሱ ፊት ላይ ቆሞ ይሻማዋል፤ ስለዚህ ከአራቱ ወንድሞች ሁሉ ቀድሞ የሚግለው፣ ቫልቩም ቀድሞ የሚቃጠለው እሱ ነው። በየቤቱ እንዲህ ያለ ልጅ አለ። ዘይቷም ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ናት፤ ከወንፊት በቀር ማጣሪያ የላትም። ሌላ መኪና ዘይት ሲያጎድል ይታመማል፤ ቮልስ ትሞታለች። ቺንጋውን አይናቁ። ማራገቢያውን የሚያዞረው እሱ ነው፤ ቺንጋ ተበጠሰ ማለት ሞተሯ ትንፋሽ አጣች ማለት ነው። በመሪው ፊት ያለችው ቀይ መብራት በርታ ካልጠፋች «ቤት ልድረስና አያለሁ» አይበሉ፤ ባሉበት ይቁሙ፤ ፀሐዩ ላይም ቢሆን፣ ሙሴ ባምብ ከተማ ሳይደርሱም ቢሆን። ትርፍ ቺንጋ በወንበር ሥር የማይዝ ሰው ከትርፍ ጎማ ጋር ቢሄድ ምን ይጠቅመዋል? ትርፍ ጎማው ደግሞ በዚህች መኪና ሌላ ሥራ አለው፤ የመስታወት ማጠቢያው ውኃ የሚረጨው ከትርፍ ጎማው በሚመጣ አየር ነው። ድንቅ ዘዴ ነው። የእኔ ትርፍ ጎማ ከተነፈሰ ስምንት ዓመቱ ስለሆነ መስታወቱን በእርጥብ ጨርቅ እወለውላለሁ።

ስለ ካርቡሬተር አንድ ነገር ልበል፤ በዚህ ምክንያት ጎንደር ያሉ ጥሩ ጥሩ መካኒኮች ያለ ጥፋታቸው ይሰደባሉ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ ያው ካርቡሬተር ቤንዚን ያበዛል፣ ማርሚታው ያጠቁራል። መካኒኩ ቤንዚኑን ይቀንስልዎታል፤ መኪናዋ እንደ ድመት ታንኮራፋለች፤ ደስ ብሎዎት ይወርዳሉ። ሳንጃ ሲደርሱ አየሩ ወፍሯል፤ ቤንዚኑ ግን ያው የደጋ ድርሻ ነው። ሞተሩ ይራባል፣ ይግላል፣ ዳገት ላይ ያስነጥሳል። «ያ መካኒክ አበላሸብኝ» ይላሉ። አላበላሸም፤ ለጎንደር ነው የሠራልዎት። የደጋ ልብስ ለብሶ ቆላ የወረደ ሰው ልብስ ሰፊውን አይሰድብም። ካቻቢቴዎን ያውጡና እዚሁ ያስተካክሉ።

ቀትር ላይ መኪናዋ ቆማ አልነሳ ብትል ደግሞ ቤንዚኑ መስመር ውስጥ ፈልቶ ይሆናል። ፖምፓው ከሞተሩ አጠገብ ስለሆነ ይግላል። ጨርቅ በውኃ ነክረው ፖምፓው ላይ ይጠቅልሉና አንድ ሻይ ይጠጡ፤ ሻዩ የጥገናው አካል ነው፤ ያለ እሱ አይሠራም። ቤንዚኑንም ከማደያ ካልሆነ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ሲገዙ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ያንጠባጥቡ። ተንኖ ምልክት ካልተወ ቤንዚን ነው፤ የቅባት ክብ ከተወ ላምባ የተቀላቀለበት ነው። ለሻጩ ወረቀቱን ያሳዩት። «መምህር፣ ወረቀቱ ነው» ይልዎታል።

የእኔ መኪና የቤንዚን መለኪያ ከእኔ በፊት በነበረው ባለቤት ዘመን ሞቷል። ጋኑ ከፊት በኩል ስለሆነ ከፊት ያለውን ክዳን ከፍቶ የማሽላ አገዳ ማስገባት ብቻ ነው። አገዳ አንጓ ስላለው ከማንኛውም የፋብሪካ መለኪያ ይበልጣል፤ በእኔ አገዳ አምስት አንጓ ሲረጥብ ሙሉ ነው፣ አንድ አንጓ ሲረጥብ ጸሎት ነው። እዚህ ላይ ሌላ መጽሐፍ የማይነግርዎትን ነገር ልንገርዎ፤ ሳንጃ ላይ ቤንዚን ይተናል። ቅዳሜ በአገዳ ለክቼ ሦስት አንጓ የነበረው በሳምንቱ፣ መኪናዋ ከግቢ ሳትወጣ፣ ሁለት አንጓ ሆኖ ይገኛል። በጥርና በየካቲት ደግሞ ትነቱ ይብሳል፤ ገና ሙቀቱ ሳይጀምር መሆኑ የፊዚክስ መምህርነቴን ሲፈትነው ቆይቷል። የጋኑን ክዳን ጠበቅ ያድርጉ።

ሌላው የአሮጌ ቮልስ ዐመል የሾፌሩ ወንበር ነው። ሐዲዱ ሲበላ፣ መኪናዋ ቆማ ባለችበት ወንበሩ በራሱ ወደ ፊት ይሄዳል። እኔ ረጅም ሰው ነኝ፤ ማለዳ ልገባ ስል ጉልበቴ ከመሪው ጋር ይላተማል። የውስጥ መስታወቱም እንዲሁ በራሱ ወደ ታች ያዘነብላል፤ ይህ የመሬቱ ንዝረት ይመስለኛል። ወንበሩን ወደ ኋላ ይሳቡ፣ መስታወቱን ቀና ያድርጉ፣ ሐዲዱን ግሪስ ይቀቡ። ግሪስ ከቀባሁት ወዲህ ወደ ፊት መሄዱ ቀለል ብሎታል።

ስለ ተመልካች ሳልነግርዎ ላልፍ ነበር። ሞተሩን ማውረድ ካለብዎ አይፍሩ፤ ከመኪናዋ ጋር የያዙት አራት ቡሎኖች ብቻ ናቸው፤ በክሪክና በሁለት ጎረምሳ ይወርዳል። ሞተሩ ሲወርድ ግን ከተማው ይወጣል። እኔ በጆንያ ላይ ዘርግቼ ቴስታታ ስፈታ አሥራ አራት ሰው ቆጥሬያለሁ። ከእነዚህ መካከል መኪና ነድቶ የሚያውቅ ሁለት ነው፤ በሽታውን የሚያውቀው ግን አሥራ አራቱም ነው። ዘጠኙ «ካንዴላ ነው» አሉ። ሞተሩ መሬት ላይ ተበትኖ፣ ካንዴላዎቹ በሳህን ላይ ተደርድረው «ካንዴላ ነው» ይላሉ። አይከራከሩ። ቡና ያስፈሉላቸው። የአንድ ቴስታታ ጥገና ቡናና ቆሎው ሲደመር ከጓርኒሲዮኑ ዋጋ በልጦ አግኝቼዋለሁ፤ ደግሞም ስምንት ዳዶ ቆጥሬ አስቀምጬ ስመለስ ሰባት ነው የማገኘው፤ ስምንተኛውን አንድ ሕፃን በኪሱ ይዞ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ሰኞ ከጠረጴዛዬ ላይ አገኘዋለሁ። መምህርነት ለባለ መኪና የሚሰጠው ጥቅም ይህ ብቻ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል አቀባዬ ባለቤቴ ናት። አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ ስል አሥራ ሦስት ቁጥር ታቀብላለች፤ ይህን የሚችል ረዳት በደመወዝም አይገኝም። ወንድሟ የሑመራ መስመር የጭነት ሾፌር ስለነበረ መንጃ ፈቃድ ያወጣችው እኔን ሳታገባ ነው። ከተጋባን ወዲህ ግን መሪ ነክታ አታውቅም፤ እኔ ከልክያት ሳይሆን መኪናዋ አትነሳማ።

ወደ ዋናው እንምጣ። የትኛዋ ብልሽት ትቀመጥ? ብዙ ሞክሬያለሁ። ጎማ አይሆንም፤ «ጎማዋ ተንፍሷል» ባልኩ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሚዜዎቹ ጎሚስታውን ከነመንፊያው ይዘውት መጡ። ቤንዚን አይሆንም፤ ሦስት ሃይላንድ ታቅፈው ይመጣሉ፣ ያውም ላምባ ያለበትን። ባትሪ ፈጽሞ አይሆንም። ቮልስ ስምንት መቶ ኪሎ እንኳ በቅጡ አትሞላም፤ የሳንጃ ልጅ ደግሞ መኪና መግፋት እንደ ገና ጨዋታ ነው የሚወደው። «ባትሪዋ ሞቷል» ያልኩ ቀን በእልልታ ገፍተው አስነሷትና፣ አስነስተንልሃል ብለው ውለታ አስቆጥረውኝ ይዘዋት ሄዱ። ጡሩምባ አይሆንም፤ «በአፋችን እንጮሃለን» ይላሉ። ሲጮሁም ሰምቻለሁ። ፍሬን? ፍሬን ላይ ቀልድ የለም። ወደ ሳንጃ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ፍሬን የሌላት መኪና ግቢ ውስጥ እንኳ አያስቀምጥም፤ «ቀስ ብዬ እነዳታለሁ» የሚል አይጠፋምና። እሱን ዛሬውኑ ያሠሩ።

ከሁሉ የተሻለችው ሮተር ናት። በዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ሥር የተቀመጠች፣ አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ናት፤ ከቦቢና የመጣውን እሳት ለአራቱ ካንዴላዎች በየተራ የምታድለው እሷ ናት፤ ተራውም በቮልስ 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው። ክዳኑን የያዙትን ሁለት መቆንጠጫዎች ፈልቀቅ፣ ሮተሯን መዘዝ፣ ክዳኑን መልሶ ክድን። በቃ። ከውጭ ሲያዩዋት ጤነኛ ናት፤ ሞተሪኖው ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል። እሳት ግን የለም። እስከ ሱዳን ድረስ ቢገፏት አትነሳም።

ይህ የእኔ ፈጠራ እንዳይመስልዎ። በ1940 (እ.ኤ.አ.) ጀርመን ባሕር ተሻግሮ ይወረናል ብለው የሰጉት እንግሊዞች መኪናውን ያቆመ ሁሉ እንዳትነሳ አድርጎ እንዲያቆማት በሕግ ደንግገው ነበር፤ ሮተሯን መዝዞ በኪስ ይዞ መሄድ የተለመደው ዘዴ ነበር። እነሱ ከጀርመን ሠራዊት የሸሸጓትን እኔ የጀርመን መኪና ይዤ ከአበልጆቼ እሸሽጋታለሁ። ሮተሬ ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከመነጽሬ ጋር ትውላለች። ሰው ሲጠይቀኝ አልዋሽም፤ «እሳት አትሰጥም፤ አንድ ዕቃ ጎድሏታል» እላለሁ። እውነት ነው። ዕቃው የት ነው ብሎ የጠየቀኝ እስካሁን የለም። እኔ ራሴ ጉዳይ ሲኖረኝ በጨለማ ገጥሜ፣ ጎንደር ደርሼ መጥቼ፣ «እንዴት ተነሳች?» ሲሉኝ «ዛሬ እሺ ብላ ነው» እላለሁ፤ ይህም ቢሆን ሐሰት አይደለም።

ጊዜውም ምክሬን የበለጠ አስፈላጊ አድርጎታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደው። ጥር 2016 ላይ ደግሞ መንግሥት ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ተናገረ። ቮልስዋገን ራሱ ጥር 2011 ላይ ከኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን ጋር በአገራችን መኪና ለመሥራት የመግባቢያ ሰነድ ፈርሞ ነበር፤ እኔም ያቺ አዲሲቱ እስክትመጣ ቺንጋ እየቀየርኩ እጠብቃለሁ። እስከዚያው አሮጌው ሁሉ ውድ ሆኗል፤ የወደደ ነገር ደግሞ ተዋሽ ይበዛበታል።

የእኔ ዘዴ ግን ሠርቷል። ከሁለት ዓመት ወዲህ መኪና ልዋስ ብሎ ደጄን የመታ አንድ ሰው የለም። በመጀመሪያ ተቀይመውኝ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም በተቃራኒው ነው፤ ለቤታችን ያላቸው ፍቅር ጨምሯል። ጥር ላይ ከየሰርጉ ቤት ድርሻ ይላክልናል፣ ያልተጠራንበት ሳይቀር። ሰሊጥ ሲወቃ አንድ አንድ ቁና ይመጣል። ባለፈው ዓመት ብቻ ባለቤቴ ለሦስት ሴት ሕፃናት ክርስትና እናት ሆናለች፤ ሦስቱም ሌሊት የተወለዱ ናቸው። ያ ካባቸው የጨሰው አበልጄ እንኳ በመንገድ ሲያገኙኝ «እመቤቲቱን ሰላም በልልኝ» ብለው ያልፋሉ፤ ስለ መኪናዋ ቃል አይተነፍሱም። መኪና የማይለምን ጎረቤት ምን ያህል ደግ እንደሆነ የቀመሰ ያውቀዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ይህን ጽሑፍ ልጨርስ ተቀምጬ ቡና አማረኝ። ባለቤቴ ከግቢ ልብስ ታሰጣ ነበርና ራሴ ላፍላ ብዬ ተነሣሁ። ቡናው የት እንዳለ የማያውቅ ሰው እንደሚያደርገው ጣሳ ሁሉ ከፈትኩ። በርበሬ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሽሮ። በኮረሪማው ጣሳ ውስጥ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለች አንዲት ትንሽ ነገር አለች። ስፈታት ሮተር ናት።

እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ። የእኔዋ ከመነጽሬ ጋር ባለችበት አለች። አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው፤ መነጽሬንም አደረግሁ። ያው ሞዴል፣ ያው መጠን። የእኔዋ ነሐሷ ገና ያበራል። የኮረሪማዋ ግን ጫፏ በእሳት ተበልቶ ጠቁሯል።

«ቡናው ተገኘ?» አለችኝ ከውጭ።

«ተገኘ» አልኩ። በጨርቋ መልሼ ጠቀለልኳትና ጣሳውን ከደንኩት።